የራስ ጸጉር ኢውሱን ነው እንዴ? ስለ ስብስብ የተወያየንበት ክር

ማክሰኞ ማታ ሱቅ ዘግቼ ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ የፈተና ወረቀቷን ይዛ፣ አኩርፋ ጠበቀችኝ። ሰባተኛ ክፍል ናት። ፈተናው የሂሳብ ነው። ጥያቄው የሚከተሉት ስብስቦች ውሱን ናቸው ወይስ ኢውሱን ይላል። በአንድ ሰው ራስ ላይ ያለ ጸጉር ለሚለው ውሱን ብላ መልሳለች። ጎኑ ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። ደብተሯን ገልጬ አየሁት። ኢውሱን ስብስብ ማለት ተቆጥሮ የማያልቅ ነው ይላል። ምሳሌዎቹ የሰማይ ኮከብ፣ የባሕር አሸዋና የራስ ጸጉር ናቸው።

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ሃንድአውት ሳባዛ ነው የምውለው። ቀመሩ በእጄ ያልፋል እንጂ ቆም ብዬ አንብቤው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የልጅቷ መልስ ልክ መሰለኝ። ለምን ልክ እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ስለዚህ አልፎ አልፎ የምገባበት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን ጻፍኩት። ጸጉር በጣም ብዙ ነው፣ ግን የሆነ ቦታ ያልቃል። ቆጥሮ መጨረስ አለመቻልና መጨረሻ አለመኖር አንድ ናቸው ወይ? ካልሆኑ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዴት ነው የሚነገረው? ይህንን ጽፌ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ስምንት መልስ ነበር። እስከ ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ደረሰ። ብዙ ስለተማርኩበት በየተራ ቁጥሩ እየጠቀስኩ ላሰፍረው ነው።

መልስ 1 ከሰላምታ ጀመረ። ልጅቷ ልክ ናት አለ። ሰው ራስ ላይ ያለው ጸጉር 100,000 አካባቢ ነው፣ ቆጠራው ያሰለቻል እንጂ ያልቃል። የሚያልቅ ከሆነ ውሱን ነው። በቃ።

መልስ 2 ቆጣ ያለ ነበር። ጸጉሩን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን፣ ከሌለ መምህሩ ልክ ናቸው የሚል ነው። ብዙዎቻችን በልባችን የምናስበው ይህንን ይመስለኛል። ማክሰኞ ማታ ለልጅቷ መልስ ያጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 3ን የጻፈችው ቤተሰቦቿ እህል የሚነግዱ ሴት ናት። መልስ 2ን ዝም ብላ አላለፈችውም። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ አለ አለች። ኪሎው ሦስት ሚሊዮን ይሆናል። ኩንታሉ 300 ሚሊዮን። አንድም ሰው በጣቱ አልቆጠረውም። ግን በጆንያው ውስጥ ስንት እንዳለ የሚነግር አንድ ቁጥር አለ፣ እኛ አወቅነውም አላወቅነውም። መቁጠር የኛ ጉልበት ጉዳይ ነው፣ ውሱንነት ግን የስብስቡ የራሱ ጠባይ ነው ስትል ገባኝ። ያን ጠዋት ሱቅ ሄጄ ማሽኑን ሳበራ እንኳ ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ባለ 500 ቅጠሉን ደስጣ ወረቀት ስከፍት ቆጥሬ አላውቅም። ግን ያልቃል።

መልስ 4 ከጡረተኛ የሂሳብ መምህር ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው፣ እኔም እንደዚያው። ጋሼ መጀመሪያ ያሉት መምህሩን እንዳናማ ነው። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ። መቁጠር ራሱ ማጣመር ነው አሉ። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ወያላው ሞላ ብሎ በሩን የሚዘጋው ሰው ቆጥሮ አይደለም። ዞር ብሎ ያያል። ባዶ ወንበር የለም፣ ወንበር ያጣ ሰውም የለም። ያኔ የወንበሮቹ ስብስብና የሰዎቹ ስብስብ እኩል ናቸው። ስንት እንደሆኑ ማወቅ አያስፈልግም። ስንቆጥርም የምናደርገው ይኸው ነው፣ አንዱን ዕቃ ከ1 ጋር፣ ሌላውን ከ2 ጋር እያልን እናጣምራለን። አንድ ቁጥር ላይ ደርሰን ዕቃው ካለቀ ስብስቡ ውሱን ነው። የትኛውም ቁጥር ላይ ብንቆም የሚተርፍ አባል ካለ ኢውሱን ነው።

ከመልስ 5 እስከ 8 ወሬው ወደ ታክሲ ሄደ። ወያላው ትርፍ ሰው ሳይጭን በሩን ዘግቶ ያውቃል ወይ ብሎ የጀመረው መልስ 5 ነው። መልስ 6 ጥፋቱን ተጠጋጉ ሲባል ዝም ብሎ በሚጠጋጋው ተሳፋሪ ላይ አደረገው። መልስ 7 ለገሃር ላይ በክረምት ዝናብ ተሰልፎ ስለቆመበት ምሽት ረጅም ነገር ጻፈ። መልስ 8 ሰዳቢ ነበር፣ አልደግመውም። እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ ብዬ ለመንኩ። ጋሼ ግን ትርፉን ሰው ራሱን ለትምህርት ተጠቀሙበት። ያ ጣውላ ላይ የተቀመጠው ሰው ጥንድ ያጣ አባል ነው፣ ሁለቱ ስብስቦች እኩል አለመሆናቸውን የሚያሳየን እሱ ነው አሉ።

መልስ 9 ከሁሉ የወደድኩት ነው። የጻፈው የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው ነው። እኛ ዛሬ እልፍ የምንለው ማለቂያ የሌለው ለማለት ነው፣ በግዕዝ ግን እልፍ ቁርጥ ያለ ቁጥር ነው፣ 10,000 ነው፣ ምልክቱም ፼ ነው አለ። ከዚያ ወደ ላይ አስቆጠረን። አእላፍ 100,000። አእላፋት አንድ ሚሊዮን። ትእልፊት አሥር ሚሊዮን። ትእልፊታት መቶ ሚሊዮን። ምእልፊት አንድ ቢሊዮን። ስለዚህ የመልስ 3 ኩንታል ጤፍ ሦስት ትእልፊታት ፍሬ ነው። አባቶች ለዚህ ሁሉ ስም አውጥተውለታል። ስም የወጣለት ቁጥር ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም ውሱን ነው።

መልስ 10 ከዚያው ቀጠለች። ስፍር ቁጥር የሌለው የምንለው አነጋገር ነው ያሳሳተን አለች። ስፍር በቁና የሚሰፈር ነው። ጤፍ ይሰፈራል፣ ይቆጠራልም። አሸዋም ያው ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ስንል ሰልችቶን ተውነው ማለታችን ነው እንጂ መጨረሻ የለውም ማለታችን አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ የዚያ ደብተር ስህተት የመጣው ከዚህ ነው። መምህሩ ሂሳቡን ሳይሆን አማርኛውን ነው ያስተማሩት።

መልስ 11 የአሸዋውን ነገር ጨረሰው። አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ለሲራኩስ ንጉሥ ለጌሎን በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ አንስቷል። አሸዋ ቁጥር የለውም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን የባሕር ዳርቻውን ብቻ ሳይሆን ዓለሙን በሙሉ እስከ ከዋክብት ድረስ በአሸዋ ሞልቶ አሰበው። የፍሬው ብዛት 1 ተጽፎ 63 ዜሮ ከሚከተለው ቁጥር እንደማያልፍ አሳየ። እና አንድ ደስ የሚል ነገር ጨመረ። ግሪኮች ስም ያወጡለት ትልቁ ቁጥር 10,000 ነበር። አርኪሜዲስም ሥራውን የጀመረው ከእሱ ነው፣ ከእኛው እልፍ ማለት ነው። መልስ 9 ይህን አይቶ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፣ ሁለት ጊዜ ነው ያመሰገነው።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተን ነበር ማለት ይቻላል። ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 12 እሺ፣ ኢውሱን የሚባሉት 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚሄዱት ቁጥሮች ናቸው፣ ተጋማሾቹ ደግሞ የእነሱ ግማሽ ናቸው አለ። በየመሃሉ አንድ እየዘለሉ ነውና ግልጽ ነው አለ። መልስ 13 ተሳስተሃል ብሎ ቀጥ ብሎ መለሰለት። 1ን ከ2 ጋር፣ 2ን ከ4 ጋር፣ 3ን ከ6 ጋር አጣምር። ጥንድ የሚያጣ ቁጥር አለ? የለም። ስለዚህ እኩል ናቸው። መልስ 14 መልስ 12 ራሱ ነው፣ ተናዶ። ከፊሉ ከሙሉው ጋር እኩል ነው የሚል ሂሳብ ሂሳብ አይደለም፣ ግማሽ እንጀራ እንደ ሙሉ እንጀራ ተቆጥሮ ያውቃል ወይ ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንተ አልገባህም፣ አንተ ነህ ያልገባህ ተባባሉ። በመልስ 12 አልፈርድም። እኔም ባነበብኩት ሰዓት የተሰማኝ ያው ነበር።

ጋሼ መልስ 15 ላይ አበረዱት። መልስ 12ን ተቆጥተው ሳይሆን አክብረው ነው የያዙት። ጋሊሊዮም እዚሁ ቦታ ላይ ነው የቆመው አሉ። በ1638 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ቁጥሮችን ከካሬዎቻቸው ጋር አጣመረ፣ 1ን ከ1፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ9፣ 4ን ከ16። ካሬ ያልሆኑ ቁጥሮች ሞልተዋል፣ ግን ጥንድ ያጣ የለም። ጋሊሊዮ ከዚህ ተነሥቶ እኩል፣ የሚበልጥ፣ የሚያንስ የሚሉት ቃላት ለኢውሱን ነገር አይሠሩም ብሎ ተወው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1888፣ ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴደኪንድ ነገሩን ገለበጠው። ይህ እንግዳ ጠባይ እንቅፋት አይደለም፣ ትርጉሙ ራሱ ነው አለ። ከራሱ ከፊል ጋር አንድ ለአንድ መጣመር የሚችል ስብስብ ኢውሱን ነው። የማይችል ውሱን ነው። ሚኒባሱን አስቡት አሉ ጋሼ። አንድ ሰው ወራጅ ብሎ ቢወርድ፣ የቀሩት እንዴት ብለው ቢቀያየሩ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል። እንጀራም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መልስ 12 ስለ እንጀራ ያለው ልክ ነው፣ እንጀራ ውሱን ነውና።

ይህንን ማታ ለልጅቷ ማሳየት ፈለግኩ። ሱቅ ውስጥ የሚቆረጥ የወረቀት ጠርዝ ይተርፈኛል፣ ረዘም ረዘም ያለ። ሁለቱን ሰጠኋት። በአንዱ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለች ጻፈች፣ በሌላው ከሥሩ 1፣ 4፣ 9፣ 16። ከ14 ሥር 196 ብላ ስትጽፍ ወረቀቱ አለቀ። ሌላ ጠየቀችኝ። ሰጠኋትና በማስቲሽ ቀጠለችው። ከ20 ሥር 400 ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠችና ከዚህ በኋላ መጻፍ እንደማያስፈልጋት ነገረችኝ። የትኛውንም ቁጥር ብጠራላት ከሥሩ ምን እንደሚገባ ታውቃለች። 100 አልኳት። 10,000 አለች። እልፍ።

መልስ 16 የጀርመናዊውን የሂሳብ ሊቅ የዳቪድ ሂልበርትን ሆቴል አመጣ። ሂልበርት በ1920ዎቹ በሰጠው ትምህርት ላይ ያነሳው ምሳሌ ነው። ክፍሎቹ ማለቂያ የላቸውም፣ ሁሉም ተይዘዋል። ማታ አንድ እንግዳ መጣ። ባለ 1 ቁጥር ወደ 2፣ ባለ 2 ወደ 3፣ እንዲህ እያሉ ሁሉም አንድ አንድ ክፍል ወደፊት ይሄዳሉ። ክፍል 1 ተለቀቀ። ማንም ሜዳ ላይ አልቀረም። መልስ 17፣ ያው መልስ 2ን የጻፈው ሰው፣ እንዲህ ያለ ሆቴል ፒያሳ የለም፣ የትም የለም፣ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ 18 ካዛንቺስ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሁሉ ውሱን ነው አለ፣ በ64 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚገባባቸው 64 ቦታዎች፣ የሚጻፉት ቁጥሮች 18,446,744,073,709,551,616 ናቸው፣ አንድም አይጨምሩም። የእሱ ሥራ ግን መጨረሻ የሌላቸውን ቁጥሮች በዚያ ውሱን ቦታ ማስተናገድ ስለሆነ ልዩነቱን ካላወቀ ፕሮግራሙ ይሳሳታል።

መልስ 19 በትህትና የተጻፈ ነው። ወሰን የሌለው እግዚአብሔር ብቻ ነው፣ ሰው ይህን ቃል ለቁጥር ሲሰጥ አይከብድም ወይ የሚል። መልስ 20 በዚያው ትህትና መለሰችለት። ይህን ትምህርት የመሠረተው የሂሳብ ሊቅ ጌኦርግ ካንተር ራሱ አማኝ ሰው ነበር፣ ስለ ጉዳዩ ከሃይማኖት ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ነበር። ቁጥሮች ያላቸውን ኢውሱንነት ከፈጣሪ ፍጹም ኢውሱንነት ለይቶ ነው ያስቀመጠው። መልስ 19 አመሰገነ። እዚህ መድረክ ላይ ሃይማኖት ተነሥቶ እንዲህ በሰላም ሲያልፍ እምብዛም አላየሁም።

አሁን ወደ መልስ 21። የጻፈችው እዚሁ አራት ኪሎ የምትማር ተማሪ ናት። ምናልባትም ሃንድአውቷን አባዝቼላት ይሆናል። ኢውሱን ስብስቦች ሁሉ እኩል አይደሉም አለች። አንዱ ከሌላው የሚበልጥ አለ። ካንተር ይህንን መጀመሪያ ያሳየው በ1874 ነው፣ በ1891 ደግሞ ከዚያ የቀለለ መንገድ አገኘ። በሁለት ፊደላት ብቻ ነው የሠራው። እሷ ፊደላቱን በቡናና በሻይ ተካችልን።

አንድ ቡና ቤት አለ እንበል። ባለቤቷ መዝገብ ትይዛለች። ደንበኞቹ ማለቂያ የላቸውም፣ ቀኖቹም እንደዚያው። እያንዳንዱ ደንበኛ በየቀኑ ወይ ቡና ወይ ሻይ ይጠጣል። በመዝገቡ ላይ የሁሉም ሰው ረድፍ አለ። ባለቤቷ ሊኖር የሚችል አጠጣጥ ሁሉ መዝገቤ ላይ ሰፍሯል ትላለች። እውነቷን ነው? ተማሪዋ የመዝገቡን ጥግ ጽፋ አሳየችን።

ደንበኛ 1፦ ቡና፣ ሻይ፣ ቡና፣ ቡና፣ ሻይ
ደንበኛ 2፦ ሻይ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ቡና
ደንበኛ 3፦ ቡና፣ ቡና፣ ቡና፣ ሻይ፣ ሻይ
ደንበኛ 4፦ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ሻይ፣ ቡና
ደንበኛ 5፦ ቡና፣ ሻይ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ቡና

አሁን አንዲት አዲስ ሴት ትምጣ። በመጀመሪያው ቀን ደንበኛ 1 የጠጣውን ትታ ሌላውን ትጠጣለች። በሁለተኛው ቀን ከደንበኛ 2 ትለያለች፣ በሦስተኛው ከደንበኛ 3። በሰያፍ እየወረዱ መገልበጥ ነው። የእሷ ረድፍ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ ይሆናል። ደንበኛ 4ን እዩት። ሦስት ቀን ሙሉ አብረው ሄዱ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ሻይ። በአራተኛው ቀን እሱ ሻይ ሲል እሷ ቡና አለች። እንዲህ እያለች ከእያንዳንዱ ደንበኛ ቢያንስ በአንድ ቀን ትለያለች። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የለችም። መዝገቡ ማለቂያ የለውም፣ እሷ ግን የለችበትም። የአጠጣጦቹ ስብስብ ከ1፣ 2፣ 3 ጋር ተጣምሮ አያልቅም ማለት ነው። ይበልጣል።

ይህንን ሳነብ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ ቆሞ ነበር። ይቅርታ ብዬ አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ነው ወረቀቱን የተቀበልኩት።

መልስ 22 ታዲያ እሷን መዝገቡ ላይ መጨመር ነው፣ እንደ መልስ 16 ሆቴል ቦታ አይጠፋም አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። መልስ 23 ጨምራት አለው። አሁን በአዲሱ መዝገብ ላይ ያንኑ ሰያፍ ሥራ፣ ሌላ ያልተጻፈች ትመጣለች። ባለቤቷ ሁሉም አለ ባለች ቁጥር አንድ የቀረ ይገኝባታል።

መልስ 24 ካንተርን ያሳበደው ይህ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። ካንተር በ1918 ሃለ ከተማ ውስጥ በሕክምና ተቋም እንዳለ መሞቱ እውነት ነው፣ በጊዜው ክሮኔከርን የመሰሉ ትልልቅ የሂሳብ ሰዎች ሥራውን መቃወማቸውም እውነት ነው። የታመመን ሰው ሕመም ከሐሳቡ ጋር ማያያዝ ግን ነውር ነው አሉ። ልክ ናቸው። መልስ 24 ጽሑፉን አጠፋው።

መልስ 25 ወደ ፊደል መለሰን። ካንተር ለኢውሱን ብዛቶች ስም ሲያወጣ የዕብራይስጡን አሌፍ ነው የወሰደው። ያው በመዝሙረ ዳዊት 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የምናነበው ነው። የኛው አልፍ ወንድም ነው። ከሁሉም የሚያንሰው ኢውሱን ብዛት፣ የ1፣ 2፣ 3 ብዛት፣ አሌፍ ዜሮ ይባላል።

መልስ 26ን የጻፈው በሥራ ላይ ያለ መምህር ነው። የልጅቷ መምህር አይደለም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው። እሱም የኮከቡንና የጸጉሩን ምሳሌ ለዓመታት ሰጥቷል። ከቀድሞው መምህሩ ደብተር የወሰደው ነው። ማንም አላረመውም። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ሰዓቱ አጭር ነው፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። መልስ 27 በስድብ ወረደበት። አዘንኩ። ስህተቱን በራሱ አንደበት የተናገረ ሰው ነው። ጽሑፉን አንሡልኝ ብዬ አስተዳዳሪዎቹን ጠየቅኩ፣ ተነሣ። ስለ ማርኩ ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ ልጅቷ የጤፉን ስሌት ጽፋ ዓርብ ለመምህሯ ሰጥታለች። ቤት ወስጄ ላየው ብለው ተቀብለዋታል።

መልስ 28 ከእሷው ከልጅቷ ነው፣ በኔ ስም ገብታ የጻፈችው። በአሌፍ ዜሮና በቡና ቤቱ አጠጣጦች ብዛት መሃል ሌላ ብዛት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 29 የጋሼ ነው። ለካንተርም ጥያቄው ይኸው ነበር አሏት፣ የለም ብሎ ያምን ነበር፣ ማረጋገጥ ግን አልቻለም። ሂልበርት በ1900 ካቀረባቸው 23 ጥያቄዎች የመጀመሪያው አደረገው። ኩርት ጎደል በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ፖል ኮኸን በ1963 በሠሩት ሥራ የተገኘው መልስ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነው። ሂሳብ ከሚነሣባቸው የተለመዱ መነሻዎች አለ ብሎም የለም ብሎም ማረጋገጥ አይቻልም። ልጅቷ ይህንን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

መልስ 30 መልስ 12ን የጻፈው ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ቁጣ መሃል ሲያነብ ነበር ማለት ነው። ስለ ተጋማሾቹ አምኛለሁ አለ። ግን ክፍልፋዮችስ? በ0ና በ1 መሃል ብቻ ማለቂያ የላቸውም፣ እነሱማ ከ1፣ 2፣ 3 ይበልጣሉ አይደል? መልስ 31 ጋሼ ናቸው። አልመለሱለትም። ሰንጠረዥ ሥራ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ቁጥሮች ደምር፣ ድምራቸው 2 ከሆነው ጀምረህ በተራ ቁጠር ብለው ብቻ ተዉት።

አሁን ቅዳሜ ማታ ነው፣ ልጅቷ አጠገቤ ያንን እየሠራች ነው። 1/1 አለች፣ አንድ። 1/2፣ 2/1፣ ሦስት ሆኑ። 1/3 ጻፈች። 2/2 ጻፈችና ሰረዘችው። ለምን አልኳት። 1 ቀድሞ ተቆጥሯል አለችኝ። ከዚያ 3/1። አሁን 4/1 ላይ ናት፣ ዘጠነኛዋ። ሌላ ወረቀት ትፈልጋለች።